ለአንድ ወስፋት አስታማሚ

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ አይቻለሁ። የወስፋት እንቁላል በእንቅልፍ ልቤም አይጠፋኝም። የራሴን ግን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። በእኛ ላቦራቶሪ የራሱን ናሙና ባልደረባው ፊት የሚያስቀምጥ የለም፤ ነውር ነው። የታመመም የሆዱን በሆዱ ይዞ ይሠራል።

እኔም ከቀኝ ጎድኔ ሥር እየወጋኝ «ጨጓራ ነው» እያልኩ አንድ ወር ራሴን ደለልኩ። ቤት ውስጥ «ምነው ዓይንሽ ቢጫ ሆነ?» የሚለኝ ሰው የለም። ዛሬ ጠዋት ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠኝ ፎቅ ወጥቼ ታየሁ።

ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን ስክሪን ወደ እኔ አዞረው። የሐሞት ቧንቧዬ ውስጥ አንድ ረጅም ነጭ መስመር ይታያል። ትንሽ ቆይቶ ተጠማዘዘ።

«ጠጠር መስሎኝ ነበር» አለ። «ወስፋት ነው። ከአንጀት ሽቅብ ገብቶ ቧንቧውን ዘግቶታል፤ መመረዝም ጀምሯል።»

ሳቄ መጣ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!

«ዛሬውኑ በአፍሽ ካሜራ አስገብተን እናወጣዋለን። አስታማሚሽ የታለ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«በማደንዘዣ ስለሆነ የቤተሰብ ፊርማ ያስፈልጋል። ካሜራውን የሚሠራው ሐኪም ከስድስት ሰዓት በኋላ የለም። ካደርሽ ደግሞ መርዙ ደምሽ ውስጥ ይገባል።»

ስልኬን አወጣሁ። እናትና አባቴ የሉም፤ እህቴ ባሕር ማዶ ናት። ከቀሩት ቁጥሮች አከራዬን መረጥኩ። «ገበያ ላይ ነኝ» ብላ ዘጋችው። ኮሪደሩ ላይ አንዱ የሚስቱን ጫማ ያወልቃል፤ አንዷ ለአባቷ ውሃ ይዛ ቆማለች። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲል ወርጄ በራሴ ላቦራቶሪ መስኮት፣ በበሽተኞች በኩል ቆምኩ። በበሩ ልግባ ብል እግሬ እምቢ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን የሠራነው ባልደረባዬ ቀና ሳይል «ናሙናውን እዚያ አስቀምጪ» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«እንዴ፣ እታለም! እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

ነገርኩት። ጓንቱን አውልቆ እጁን ታጠበ።

«ዓይንሽ ቢጫ መሆኑን ሰሞኑን አይቼ ነበር» አለ ክንዴን ይዞ ደረጃውን ሲያወጣኝ። «ትቆጪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እቆጣው ነበር፣ አይዋሽም።

ነርሷ ቅጹን ሰጠችው። «ዝምድና» በሚለው ላይ ምንም ሳያቅማማ «ወንድም» ብሎ ጻፈ። እንባዬን ኪሴ ውስጥ ባገኘሁት ነጠላ ጓንት ጠረግሁ። ከዚያ «የሕመምተኛዋ ሙሉ ስም» የሚለው ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ነርሷን በዓይኑ ሰርቆ አያትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እታለም» አለኝ አፍሮ፣ «ዋናው ስምሽ ማን ነበር?»

ከነአባቴ ነገርኩት።