ኤትና ኢትን የሚባሉ በሬዎች

መምህር ምንይችል «እሱ ራሱ ይምጣ» መባላቸው ክብር መሰላቸው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸውና፣ ስማቸው የተነሣበት ነገር ሁሉ ምስጋና ይመስላቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት የእህታቸው ልጅ ሙሉአለም፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር የሚኖረውን የገበሬውን የባዬን ልጅ ሳምሪን ወደደ። መውደድ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ልጁ እህል አልበላ ብሎ አንገቱ ቀጠነ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጡረተኛው ሾፌር ዝናውና ጨርቅ ነጋዴው አብዱልመናን፣ ሁለት ጊዜ ተላኩ። በመጀመሪያው «ዘመድ እናማክር» ተባሉ፤ ይኼ ወግ ነው። በሁለተኛው ባዬ «ልጁን ያሳደገው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሲነግሩት፣ «እሱ ራሱ ይምጣ። እሱ ካልመጣ የምድራት ልጅ የለኝም» አለ።

መምህር ምንይችልም ኮታቸውን ለብሰው ከረባታቸውን አስረው ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ወጡ። መንገድ ላይ ዝናው ሆዳቸው አልችል አለና፣ «ለመሆኑ ሰውየውን ምን አርገኸዋል?» አሉ።

«ምን አደርገዋለሁ? ዝናዬን ሰምቶ ነዋ!»

ባጃጁ መንገዱ እስከሚፈቅድለት አደረሳቸውና የቀረውን በእግራቸው በሽንኩርት ማሳው መሐል አቋረጡ። ግቢው ሲደርሱ የባዬ ሚስት ተሻለች ለሁለት የእርሻ በሬዎች ድርቆሽ ስትሰጥ አገኟት። አንደኛውን በሬ በመዳፏ ግንባሩን ገፋ አድርጋ፣ «ዞር በል አንተ ኤት! አንተ ብቻ ነህ እንዴ ሆድ ያለህ? ኢትንም ይብላ እንጂ!» ትላለች።

መምህር ምንይችል ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። «ምን አለች?»

«የበሬዎቹን ስም ነዋ» አሉ አብዱልመናን። «ድቅል ሳይሆኑ አይቀሩም።»

ወደ ቤት ገቡ። በወጉ መሠረት ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይጨርስ አይቀመጥም፤ ባለቤቱ ቁጭ በሉ ይላል፣ ሽማግሌ እምቢ ይላል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተባብለው ነገሩ ይከፈታል። ባዬ ግን ቁጭ በሉም አላለ። ምሰሶውን ተደግፎ ቆሞ ያያቸዋል። ዘመዶቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። መምህር ምንይችል ያዘጋጁትን ንግግር አሳምረው ተናገሩ፣ ልጅ ለልጅ እንድንዋለድ ብለው ለመኑ፣ ጎንበስም አሉ። ጨረሱ።

«ኢት» አለ ባዬ።

«ምን አልከኝ ልጄ?»

«ኢት! ሦስቱንም ይበሉልኝ።»

ዝናው አብዱልመናንን አዩ፣ አብዱልመናን ጣራውን አዩ። መምህር ምንይችል በሕይወታቸው ሙሉ ሌላውን ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ ሆነው አያውቁም። «ኢት» አሉ። «ኤት…» አሉ። ከዚያ በሺህ ለሚቆጠር ልጅ ያስተማሩት የእንግሊዝኛው ‹መብላት› ሦስተኛ ቃል እልም ብሎ ጠፋባቸው።

«ኢትን!» አሉ ሴቶቹ ከጓዳ ባንድ ድምፅ። ደጅ ያለው በሬም ስሙን ሲሰማ እምቧ አለ።

ከዘመዶቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ባዬ አልሳቀም።

«እዚህ ቤት ይኼን የማያውቅ የለም መምህር» አለ። «ሚስቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ይኼን ግን ታውቃለች። ሠላሳ ሰባት ዓመት እያረስኩ ስለው ኖሬያለሁ። ኢት የሚባለውም በሬ ነበረኝ፣ አምና አርጅቶ ሞተ። ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ አምስተኛ ክፍል ነኝ። እርስዎ ‹ትናንት ምን በላችሁ? በእንግሊዝኛ!› አሉ። መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ‹አይ ኢትድ› ብዬ ጀመርኩ። ክፍሉ ሳቀ። እርስዎም ሳቁ። ከዚያ ጥግ ቁም አሉኝ። ቆምኩ። ደወል ተደወለ፣ ጠመኔዎን ይዘው ወጡ። ልጆቹም ወጡ። እኔ ቁጭ በል ስላልተባልኩ ዘበኛው በሩን ሊቆልፍ እስኪመጣ ድረስ ቆሜ ነበር። በማግስቱ ቀረሁ። ቀረሁ በቃ።»

ዝናው መምህሩን በክርናቸው ጎሰም አደረጉና፣ «አስታወስኩህ በለው» አሉ በሹክሹክታ። «በለው እንጂ፣ ልጁ አለቀልህ!»

መምህር ምንይችል የባዬን ፊት ትክ ብለው አዩት። ሽበቱን አንሥተው፣ ጢሙን ላጭተው፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፈለጉ። አንድም ነገር አላገኙ። ሙሉአለም ቀጥኖ የቀረ አንገቱን ይዞ ቤት ተቀምጦ እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ፤ አንዲት ቃል ብቻ መዋሸት ነበረባቸው።

«አላስታውስህም ባዬ» አሉ።

«ያ አላህ!» አሉ አብዱልመናን፣ ከዘራቸውን ለመሄድ እያነሡ።

«አላስታውስህም፤ ይኼ ደግሞ ካጠፋሁት ይብሳል» አሉ መምህር ምንይችል። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን አላስጨረስኩህም። ምን ነበር የበላኸው?»

ባዬ ይኼን አልጠበቀም። ምሰሶውን ለቀቀ።

«ዓሣ» አለ። «ቆሮሶ። እኛ ቤት ዓሣ ገብቶ አያውቅም ነበር። አባቴ ከሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ዘንድ ይኼን የሚያህል ይዞ መጣ።» ክንዱን እስከ ክርኑ አሳየ፤ የገዛ ወንድሙ እንኳ ይኼን ያህል ትልቅ ዓሣ መሆኑን ተጠራጠረ። «እሱን ላወራ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ያደርኩት እሱን ነበር።»

«እንግዲያው ንገረን። ክፍሉ ይሰማሃል።»

አርባ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ሰው፣ የአራት ልጆች አባት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለት እጁን ከጭኑ ጋር ገጠመ።

«አይ ኤት ፊሽ፣ ቲቸር።»

«ጎበዝ!» አሉ መምህር ምንይችል፤ እንባቸው ኮታቸው ላይ ጠብ አለ፣ አላፈሩበትም። «ጎበዝ ባዬ። ቁጭ በል።»

ባዬ ተቀመጠ። መደቡ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠና በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። እንዲያ ሆኖ ብዙ ስለቆየ ተሻለች ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ የሰው ሽማግሌ አቁመህ! እግራቸው አላለቀም?» አለችው።

«ቁጭ በሉ» አለ ባዬ አፍንጫውን እየጠረገ። «ልጅቱም የእናንተው ናት። ቁጭ በሉ፣ ብሉ።»

የቀረበው የተጠበሰ ዓሣ ነበር፤ አብዱልመናንም የማን እርድ ነው ብለው ሳይጨነቁ ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን ሰደዱ። ተሻለች ዓሣውን የገዛችው ገና ትናንት እንደሆነ ሲሰሙ ዝናው በጣም ተቆጡ። «እንግዲያ ልትሰጡን ቆርጣችሁ ኖሮ ነው እንዲህ ያቆማችሁን?»

«እኔማ ቆርጬ ነበር» አለች ተሻለች። «እሱ ነው እንጂ ፈተና አለብኝ ያለ።»

ሲመለሱ መምህር ምንይችል ከረባታቸውን ፈትተው በእጃቸው ይዘዋል። ዝናው የሠርጉን ድግስ ያወራሉ፤ እሳቸው አይሰሙም።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት» አሉ ድንገት። «ስንቱን ልጅ አቁሜ ወጥቼ ይሆን?»

«እሱን አላህ ነው የሚያውቀው» አሉ አብዱልመናን። «ብቻ ሁሉም ሴት ልጅ ካላቸው ለሌላ ሽማግልና እኔን እንዳትጠራኝ። ወላሂ ጉልበት የለኝም።»

ሳቁ። መምህር ምንይችልም አብረው ሳቁ። ባጃጁ ጋ ሲደርሱ ግን እግራቸውን ደረጃው ላይ እንዳደረጉ ቆሙ።

«አንዱ ትዝ አለኝ» አሉ። «ሙዘይን የሚባል። አሁን ወፍጮ ቤት ያለው።»

«እሱ ደሞ ምን ሆነ?»

መምህር ምንይችል ወደ ሾፌሩ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል መሄድ ይቻላል?» አሉት።