ባለ አሥራ አራት ቁጥር ጎማ

የኔታ አካለ ወልድ ከአማኑኤል ተነሥተው ደብረ ማርቆስ ሳይደርሱ መኪናዋን አራት ጊዜ አስቆሙ። በአራተኛው በሩን ራሳቸው ከፍተው፣ ዱላቸውን አስቀድመው ወረዱና ከመንገዱ ዳር ሄደው ቆሙ። መቀመጥም መተኛትም ስላልቻሉ ነው የቆሙት። ሥራነሽ ሞተሩን አጥፍታ ተከተለቻቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላብ አውጥቷል።

«ከእንግዲህ አልመጣም» አሏት። «ሐኪሙ የሚያቃናውን መንገዱ እያጣመመው ስለምን ትደክሚያለሽ? ከተማሪዎቼ መካከል ሆኜ የመጣውን ልቀበል።»

የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው። ካቻምና ክረምት ሊገባ ሲል የጎጆአቸውን ክዳን ሲያጠባብቁ መሰላሉ ከዳቸውና ወደቁ፤ ወገባቸው ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ማርቆስ ሆስፒታል እየሄዱ የወገብ ሕክምና ይደረግላቸዋል። የምታመላልሳቸው ሥራነሽ ናት፤ ያዘዛት ሰው የለም። ልጅ ሳለች «ሴት ልጅ ከተማሪ ቤት ምን አላት?» እየተባለ ሲታማ፣ እሳቸው ገና የንባብ መምህር ነበሩ፤ ሐሜቱን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ከወንዶቹ ጋር አስቀምጠው ዳዊት አስደግመዋታል።

ያን ቀን እንደምንም ለምና አሳፈረቻቸውና በአንደኛ ማርሽ እየዳኸች ሆስፒታል አደረሰቻቸው።

ሥራነሽ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ሾፌር ከመሆኗ በፊት አማኑኤል ላይ አሥራ አንድ ዓመት ወፍጮ ቤት ይዛ ሠርታለች፤ የሞተሩ ቺንጋ ሲላላ ከደጅ ሆና በድምፁ የምታውቅ ሴት ነበረች። ወፍጮውን ሸጣ ይህችን ነጭ ኮሮላ ስትገዛ፣ ታናሽ ወንድሟ ይታያል ከደስታው ብዛት ከገዛ ኪሱ አውጥቶ የመኪናዋን እግር ለወጠላት፤ እንደ መስተዋት የሚያበራ ትልልቅ ቸርኬ፣ በላዩም ስስ ጎማ። ይታያል ማርቆስ ውስጥ ከአቶ ደመላሽ የግንባታ ዕቃ መደብር ተቀጥሮ ይሠራል፤ ጥር ሲመጣ ደግሞ የሠርግ መኪና ያገናኛል። በዚህ ቸርኬ የማርቆስን ሠርግ ሁሉ እንወስደዋለን ብሏት ነበር፤ አልተሳሳተም። ሁለት ዓመት ሙሉ በጥር ወር ኮሮላዋ ሪባን ሳይፈታላት ነው የከረመችው።

ከዚያች ሐሙስ በኋላ መኪናዋ ፍሬኗ ተበላሽቶ ጋራዥ ገባች። ቀጠሮው ሲደርስ ሥራነሽ የደምበጫውን እንዳላማውን ለመነችው። እንዳላማው ቀለሟ የተላጠ፣ ወንበሯ የረገበ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሽማግሌ ሾፌር ነው። የኔታን «ዛሬን ብቻ» ብላ አስገብታ እሷም ከጎናቸው ከኋላ ተቀመጠች። ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ፣ መንገዱም ያው መንገድ ነበር። የኔታ ግን ጥቂት እንደሄዱ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ማርቆስ መግቢያ ላይ ሲነቁ የት እንደደረሱ ጠየቁ።

ሥራነሽ ሆስፒታሉ በር ላይ ከወረዱ በኋላ ከእንዳላማው መኪና አጠገብ ቁጢጥ ብላ ጎማውን ለካችው። ከቸርኬው ጫፍ እስከ መሬት የሚነካው ድረስ ስድስት ጣት ሙሉ ነው። በቀጥታ ጋራዥ ሄዳ የራሷንም ለካች፤ አራት ጣት ብቻ። ወፍጮ ቤቱ ትዝ አላት። ከሞተሩ እግር ሥር ወፍራም ላስቲክ ሲነጠፍ ግድግዳው ዝም ይል ነበር፤ አንድ ዓመት በስስ ላስቲክ ቢተኩት ግድግዳው ተሰነጠቀ። መኪናም ያው ሞተር ናት ብላ አሰበች፤ እላይዋ ላይ ያለው ግድግዳ ደግሞ የሰው ወገብ ነው።

ፍሬኑ እንደተሠራ መኪናዋን ወደ ጎሚስታው አለበል ወሰደችና ቸርኬውን በትንሽ እንዲቀይርላት ጠየቀችው። አለበል ሳቀ። እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚለምነው ትልቅ አድርግልኝ ብሎ ነው፤ አሳንስልኝ የሚል አላየሁም አላት። ደግሞም ጎማው ሲያንስ መኪናዋ መሬት ለመሬት ትጎተታለች፣ ፍጥነት መቁጠሪያዋም ይዋሻል ብሎ አስጠነቀቃት። ሥራነሽ አልተከራከረችም። ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ብቻ እንዲነግራት ጠየቀችው።

205፣ 40፣ 17 ይላል። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ከመቶ ስንት እንደሆነ ነው፤ ሦስተኛው የቸርኬው ቁጥር ነው። ሥራነሽ በልቧ አሰላችው። ከሁለት መቶ አምስት አርባ ከመቶው ሰማንያ ሁለት ሚሊሜትር፤ ያ አራት ጣቷ ነው።

«መኪናዋ ስትሠራ ስንት ቁጥር ነበረች?» አለችው።

አለበል አያውቅም። እንዲህ ያለው ነገር በሾፌሩ በር ሥር ባለ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ይህቺ ግን እንደገና ቀለም ስለተቀባች ጠፍቷል አላት። ሥራነሽ በሩን ከፍታ ተንበረከከች፤ በቁልፏ ጫፍ ቀስ እያለች ነጩን ቀለም ፋቀችው። ሥራ የፈቱ ሾፌሮች ተሰብስበው እያዩ ይሳለቁባት ነበር። ቀለሙ እየተላጠ ሄዶ ቁጥሩ ወጣ፤ 185፣ 65፣ 14። ከሥሩም የንፋሱ ልክ፤ 32። አለበልን አሁን ያለውን ንፋስ እንዲለካላት አዘዘችው። 42 ሆነ። የሞላው እሱ ራሱ ነው። ጎኑ አጭር ስለሆነ ንፋስ ካልበዛበት ጉድጓድ ሲመታ ቸርኬው ይጎብጣል አለ፤ ሐሰት አልተናገረም።

«ስለዚህ ቸርኬው እንዳይጎብጥ ሰውየው ይጎብጥ» አለችው።

ከዚያ በኋላ አለበል መሳቁን ተወ። እሷ ግን አንድ ስሕተት ሠራች፤ አሥራ አራት ከተሻለ አሥራ ሦስት ይበልጥ ይሻላል ብላ ችክ አለች። አለበል ያገለገለ አሥራ ሦስት ቁጥር አምጥቶ የፊቱን ሞከረው፤ ቸርኬው የፍሬኑን ብረት ነክቶ አልዞር አለ። ሥራነሽ አፍራ ወደ አሥራ አራቱ ተመለሰች። ጥቁር፣ ምንም የማያበራ የብረት ቸርኬ ነበር፤ አዲስ ጎማ አስገቡበትና ከአሮጌው ጎን አቆሙት። በሜትር ሲለካ የሁለቱም ከፍታ እኩል ሆነ። የቀነሰው ብረቱ ነው፤ የጨመረው ላስቲኩ። መኪናዋም አልወረደች፣ ፍጥነት መቁጠሪያውም የሚዋሽበት ምክንያት አልነበረውም።

ይታያል የደረሰው መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ሳለች ነው። ሰው ደውሎ ነግሮት ኖሯል። የሚያበሩት ቸርኬዎች መሬት ላይ ተደርድረው ሲያይ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ።

«ጥር ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ባዶ እግሯን ታስቀሪያታለሽ?» አላት። «ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅ። የሚስቀው ከውጭ የቆመው ነው፤ እኔ የምጭነው ከውስጥ ያለውን ነው።»

«ለአንድ ሽማግሌ ብለሽ?»

«ለአንድ ሽማግሌ ብዬ። ቸርኬው ያንተ ነው ይታያል፤ አንድ ጭረት ሳይነካው እቤትህ አደርስልሃለሁ። መኪናዋ ግን የኔ ናት።»

ወንድሟ ሰላም ሳይላት ሄደ። ሥራነሽ ቸርኬዎቹን በጆንያ ጠቅልላ በዚያው ዕለት ቤቱ ድረስ ወሰደችለት። ሚስቱ ሃኒ ተቀበለቻት፤ እሱ አልወጣም።

በቀጣዩ ሐሙስ የኔታ አልሄድም ብለው ተቀምጠው ነበር። ሥራነሽ ከከተማው መውጫ ድረስ ብቻ ይሞክሩልኝ፣ ካመመዎት እመልስዎታለሁ ብላ ተማጸነቻቸው። መውጫው ላይ ሲደርሱ ዞር ብላ አየቻቸው፤ መልሺኝ አላሉም። እሷም መንገዷን ቀጠለች። ማርቆስ እስኪገቡ አንድ ጊዜ ብቻ አስቆሟት፤ እሱም ውኃ ሽንት ሽተው ነው።

«ሕመሙ አለ» አሏት ሲወርዱ። «ግን እንደ ድሮው አልመታኝም። ምን አድርገሽበት ነው?»

ነገረቻቸው። ጎማውን በዱላቸው ጫፍ ነካ ነካ አድርገው ጥቂት አሰቡ። «ለካስ የሰው ወገብ ሲበላ የከረመው ወገብ የሌለው ጎማ ነው» አሉ፤ ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

ማርቆስ መናኸሪያ ሾፌሮቹ መኪናዋን «ባዶ እግር» ብለው ሰየሟት። እንዳላማው ብቻ ባገኛት ቁጥር መኪናዋን እየዞረ ያይና ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል፤ ሙገሳው ያ ነበር።

ጥር እንደገባ አቶ ደመላሽ ራሳቸው አማኑኤል ድረስ መጡ። ይታያል ከመኪናቸው ሳይወርድ ቀረ። አቶ ደመላሽ ትሑት ሰው ናቸው፤ ሲለምኑም ሲያስፈራሩም ድምፃቸው አይለወጥም። ልጃቸው በመጪው ሐሙስ ያገባል፣ ሙሽራዋን ከደምበጫ የሚያመጧት በነጯ ኮሮላ እንዲሆን ለሙሽራዋ ቤተሰብ ቃል ገብተዋል። ቸርኬዎቹ ይታያል ዘንድ አሉ፤ ለአንድ ቀን ይገጠሙ፣ ከዚያ በኋላ የፈለገችውን ታድርግ አሏት። ሥራነሽ ሐሙስ የኔታ ሐኪም ቤት ቀጠሮ እንዳላቸው ነገረቻቸው። ለአንድ ሽማግሌ መኪና አይጠፋም አሉ። ከዚያም ወደ መኪናቸው ዞር ብለው ይታያልን አዩትና ጨመሩ።

«ወንድምሽ እንጀራው ከእኔ ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ሥራነሽም ወደ መኪናው ተመለከተች። ወንድሟ ሁለት ልጆች አሉት። አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«አውቃለሁ አቶ ደመላሽ» አለች። «ወንድሜ እርስዎ ዘንድ የሚበላው በገዛ ጉልበቱ ነው፤ በእኔ መኪና አይደለም። ሠርግዎን ያሳምርልዎ። እርስዎ መኪና የሚሹት ለመታየት ነው፤ እሳቸው የሚሹት ለመዳን ነው። ሐሙስን አልሰጥም።»

አቶ ደመላሽ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንዲህ ያለ ልብ ያላት ሴት አያልፍላትም ብለው ሄዱ። ሥራነሽ መኪናቸው ከዓይኗ እስኪሰወር ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሲሰወር ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ጥር አንድም ሠርግ አልጠራትም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ የኔታን ከሆስፒታል ይዛ ስትመለስ ከኋላዋ ጡሩንባ ሰማች። በመስተዋቱ አየች፤ ሙሽራዋን ለማምጣት ወደ ደምበጫ የሚወርደው አጀብ ነው። ሪባን ያሰሩ ስምንት ዘጠኝ መኪኖች ተደርድረዋል። ከፊት ለፊት ጤፍ የጫኑ የጭነት መኪኖች ተከታትለው እየመጡ ስለነበር ማለፍ አልቻሉም። የአገሩ ወግ ለሠርግ መንገድ መልቀቅ ነው። በዚያ ቦታ ግን የአስፋልቱ ጠርዝ ተበልቶ ከዳሩ የአፈር ጥርጊያ ጋር ትልቅ እርከን ሠርቷል፤ መንኮራኩሯን ወደዚያ ብታወርደው የኔታ ወገባቸው ምን እንደሚሆን ታውቃለች። መሪዋን አጥብቃ ያዘችና በአስፋልቱ ላይ ሆና በራሷ ፍጥነት ቀጠለች። ስልኳ ጮኸ፤ ይታያል ነው። አላነሣችውም። ጡሩንባው በረታ።

«ምንድን ነው?» አሉ የኔታ።

«ሠርገኞች ናቸው፣ የኔታ። እንድለቅላቸው ነው።»

«ትለቂያለሽ?»

«ከፊት ያለው ሜዳ ላይ ስንደርስ።»

የኔታ ራሳቸውን ወደ ወንበሩ መለሱ። «እንግዲያስ ይጠብቁ» አሉ። «ለዕድሜ ልክ የሚጋባ ሰው ለአንድ ሜዳ አይቸኩልም።»

ሜዳው ላይ አስፋልቱና ጥርጊያው እኩል ሲሆን ምልክት አብርታ ቀስ ብላ ዳር ያዘች። አጀቡ እየጮኸ አለፋት። አንዳንዱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ተሳደበ። ይታያል ሦስተኛው መኪና ውስጥ ነበር። እሷን አላያትም፤ ከኋላ ወንበር ቀና ብለው የተቀመጡትን፣ ለሠርገኛው ሁሉ እጃቸውን አንሥተው የሚባርኩትን ሽማግሌ ግን አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ተመለከታቸው።

የመጨረሻው መኪና ካለፈ በኋላ ሥራነሽ መስተዋቷን አየች፤ ከኋላዋ መንገዱ ባዶ ነበር። ማርሽ አስገብታ ወደ አስፋልቱ ወጣች።