ገላዎን ማን ያጥብዎታል?

መምህሩን ደም ግፊት ጥሎት ግራ ጎኑን ሽባ ካደረገው ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ድሮ የስፖርት መምህር ነበር። ተማሪ ሁሉ ከኋላው «ፊሽካ» እያለ የሚጠራው፣ ፊቱ ግን ትንፍሽ የማይልበት፣ አንዴ ሲነፋ አምስት መቶ ልጅ ቀጥ የሚያደርግ ሰው! አሁን ጠዋት ጠዋት ገላውን የምታጥበው፣ ሱሪውን የምታለብሰው፣ መጸዳጃ ቤት ወስዳ የምታስቀምጠውና የምታነሳው ሚስቱ ናት። እሷ ደግሞ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የወገብ ዲስክ አለባት። ሐኪሟ «ከእንግዲህ ከባድ ነገር ካነሱ አልጋ ላይ ነው የሚቀሩት» ብሏታል። ባል ከከባድ ነገር ይቆጠራል ወይ ብላ አልጠየቀችውም። ምን ብላ ትጠይቃለች!

ስለዚህ የአካል ጉዳት ድጎማ አመለከቱ። ከተፈቀደላቸው ጠዋትና ማታ ረዳት ቤታቸው ድረስ ይመጣል፤ እሷም ወገቧ ሳይቆረጥ ትተርፋለች። አንዴ የሐኪሙ ማህተም ደብዝዟል፣ አንዴ ፎቶው ላይ ጆሮ አይታይም እየተባሉ አራት ጊዜ ተመለሱ። በአምስተኛው የመጨረሻው ቀጠሮ ደረሰ፤ ገምጋሚ ፊት ቀርቦ ጥያቄ መመለስ ብቻ ነው የቀረው።

ሳምንት ሙሉ ስታስጠናው ሰነበተች።

«አንተ ሰው፣ የማትችለውን አልችልም በል። እዚያ ጀግንነት አያስፈልግም።»

«እሺ አልኩሽ እኮ! ሕፃን ነኝ?»

በከዘራውና በሚስቱ ትከሻ ተደግፎ ቢሮው ሲገባ፣ ገምጋሚዋ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «ይቀመጡ» አለች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ከዚያ ቀና አለችና እስክሪብቶዋን ጣለች።

«ፊሽካ!» ወዲያው አፏን ያዘች። «ውይ፣ ይቅርታ መምህር፣ አመለጠኝ! ያንን ግንብ ያዘለሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ? እንደኔ ያለ ፈሪ ልጅ አልነበረም እኮ። ‹እኔ ሜዳ ላይ አልችልም የሚባል ነገር የለም!› ይሉን ነበር። እስከ ዛሬ ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ።»

መምህሩ ከት ብሎ ሳቀ፤ የጎበጠው ጀርባው ቀጥ አለ። ሚስቱ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እሷም ዘመድ አገኘን ብላ አብራ ሳቀች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

«በሉ እንግዲህ መምህር፣ መጠየቁ ግዴታ ሆኖብኝ ነው፤ እንዳይቀየሙኝ። ልብስዎን ራስዎ ይለብሳሉ?»

«እንዴታ!»

ሚስቱ በደህናው ጎኑ ጎሰም አደረገችው።

«መጸዳጃ ቤትስ?»

«ኧረ ልጄ፣ ምን ነካሽ!»

«ገላዎን ማን ያጥብዎታል?»

ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ይቺን ልጅ ግንብ ያዘለለ ሰው ምን ይበል? ሚስቴ ከሥር እስከ ላይ ታጥበኛለች ይበላት?

«ራሴ ነኛ። ማን ያጥበኛል?»

«ተመስገን! እኔ እኮ እንዲህ ሆነው ሳይዎት ደንግጬ ነበር።» ከልቧ ደስ ብሏት ነው። ደስ እያላት ቅጹ ላይ ምልክቷን አደረገች።

ሚስትየው ከሁለት ያጣች ሆነች። ዝም ብትል ነገም ጎንበስ ልትል ነው፣ ከነገ ወዲያም፤ አንድ ቀን እሷም ወድቃ ሁለቱም ወለሉ ላይ ሊቀሩ ነው። ብትናገር ደግሞ ሰውየውን በቁሙ ልትገድለው ነው። ተናደደች። በእሱም፣ በቅጹም፣ በዚህች ደግ ልጅም ተናደደች።

«ልጄ፣ ውሸቱን ነው» አለች። «እኔ ነኝ የማጥበው። ዛሬም አጥቤው ነው የመጣነው። ሱሪውን እኔ ነኝ ያለበስኩት። መጸዳጃ ቤት የምወስደውም እኔ ነኝ፤ አንዳንዴ ሳንደርስ…»

እዚህ ላይ አቆመች። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መምህሩ ወደ እሷ አልዞረም። እሱ ልጅቷን ያያል፣ ልጅቷ ወረቀቷን ታያለች።

«እማማ» አለች ገምጋሚዋ በመጨረሻ፣ ድምጿ የቢሮ ድምፅ ሆኖ። «ቃላቸውን ሞልቼዋለሁ። ቅጹ ቁጥር አለው፣ ቀድጄ አልጥለውም። የእርስዎንም ቃል ከሥሩ እጽፋለሁ፤ ሁለት ቃል ሲጋጭ ግን ለኮሚቴ ነው የሚመራው።»

«ኮሚቴው መቼ ያየዋል?»

«ስድስት ወር… ወረፋ ካለ ስምንት።»

«ወገቤ እኮ ስምንት ወር አይጠብቀኝም።»

«አውቃለሁ እማማ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ማወቋ ምን ይፈይዳል!

ኮሪደሩ ላይ አራት እርምጃ እንደሄዱ መምህሩ ቆመ። ፊቱን ስታየው ገባት። መጸዳጃ ቤቱ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው።

«ልውሰድህ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ራሴ እሄዳለሁ።»

ትከሻዋን ለቀቀ። በከዘራው አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ሁለተኛውን ጀመረ፣ ከዚያ ባለበት ቀረ። ግራጫ ሱሪው ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቆረ። ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ ወገቡ ላይ አሰረችለት። ወገቧ እንደ እሳት ለበለባት፤ ግን ጎንበስ ብላ አስተካከለችው።

መምህሩ ግድግዳውን እያየ «ልጅቷ በሩን ዘግታለች?» ሲል ጠየቃት።

ሚስትየው ዞር ብላ አየች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ገምጋሚዋ ደፉ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች።

«ዘግታለች» አለችው።