መሐንዲሱ የዋጣት ፊደል

በዘይት ፋብሪካው ውስጥ ሰው ሁሉ «አስተርጓሚዋ» ይላታል እንጂ ሥራዋስ ሌላ ነበር፤ ሰው ታንከር ውስጥ ሲገባ የታንከሩ አፍ ላይ ቆማ ገመድ ትይዛለች፣ ሬዲዮ ታዳምጣለች። ከሦስት ሳምንት በፊት አዲሱ የውጭ አገር መሐንዲስ ሲመጣ፣ ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ መሃል ደፍራ በእንግሊዝኛ የመለሰችለት እሷ ብቻ ስለነበረች ስሙ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተለጠፈባት። እውነቱን ለመናገር፣ ሰውየው ሲያወራ ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹን ትገምታለች። «እባክህ ድገምልኝ» ማለት ግን ሞቷ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት የሦስተኛው ታንከር ብየዳ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሊጠግኑ የሚገቡት በያጁ የእናቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ እዚህ ሥራ ያስቀጠሯትም እሳቸው። የታንከሩን አየር የሚለካው መሣሪያ ቁጥሩን የሚያሳየው ከግቢው ማዶ፣ መሐንዲሱ ክፍል ውስጥ ነው። ግቡም አትግቡም የሚለው እሱ ነው።

«ምን አለ ሰውዬሽ?» አሏት በያጁ ገመዱ የታሰረበትን ቀበቷቸውን እያጠበቁ።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ሂ ኬን ጎ ኢን» የሚል ሰማች። ካን መቻል ነው፣ ካንት አለመቻል፤ ይሄን ተማሪ ቤት የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ሰውየው ካንን ኬን እንደሚል ጠርጥራለች፤ መጨረሻው ላይም «ት» አልሰማችም።

«መግባት ይቻላል ብሏል፣ ጋሼ።»

«የተማረ ዘመድ ጥቅሙ ይኸው ነው» አሉና መሰላሉን ይዘው ወደ ጨለማው ወረዱ።

አምስት ደቂቃ ያህል እንደቆየች ሬዲዮው እንደገና ተናገረ። አንዱ ሹፌር ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ልውሰደው ወይ ብሎ በሬዲዮ ጠይቆ ነበር። «ዩ ክን ቴክ ኢት» አለው መሐንዲሱ። ሹፌሩም ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ክን። ኬን አይደለም፣ ክን።

ትናንት የሆነው ትዝ አላት። ቀለም ቀቢው በረጅሙ መሰላል ልጠቀም ሲለው መሐንዲሱ «ኬን» ብሎ ነበር፤ ቀቢው መሰላሉን ሲያነሳ ግን ሮጦ መጥቶ ከእጁ ነጠቀው። ሁሉም ስቀው ነበር፣ እሷም አብራ። አሁን ገባት። ሰውየው ሲፈቅድ ቃሉን ውጦ «ክን» ይላል። አፉን ሞልቶ «ኬን» የሚለው ሲከለክል ነው፤ «ት»ዋን ጉሮሮው ውስጥ ያስቀራታል።

ወደ ታንከሩ አፍ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ይውጡ።»

«ገና አሁን ገባሁ እኮ» አሉ ከታች። ድምፃቸው የሰካራም ድምፅ መሰላት።

«ይውጡ አልኩዎት፤ አሁኑኑ።»

«እሺ... መሰላሉ የታል...» አሉ። ከዚያ ብረት በብረት ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ዝም።

ሳታስበው አንድ እግሯን መሰላሉ ላይ አድርጋ ነበር። በስልጠና ጊዜ «የወደቀውን ላውጣ ብሎ ተከትሎ የሚገባ፣ ሁለተኛው ሬሳ እሱ ነው» ያሏት መጣባት። እግሯን መለሰች። በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት የከበዳት ነገር አልነበረም።

«ታንክ ስሪ፣ ዬስ ኦር ኖ?» ብላ ሬዲዮው ላይ ጮኸች።

«ኖ» አለ መሐንዲሱ። የቀጠለውን አልሰማችም፤ ሬዲዮውን ጥላ ገመዱን ከታንከሩ አፍ በላይ በተሰቀለው የካሩኮላ መዘውር መጎተት ጀምራ ነበር። ገመዱ መዳፏን ላጠው። ጩኸቷን የሰሙ ሹፌሩና ሁለት ጫኞች ደርሰው አብረዋት ሳቡ። በያጁ ከታንከሩ አፍ ሲወጡ አንገታቸው ተዝለፍልፏል፤ ከንፈራቸው እንደ ከሰል ጠቁሯል። መሐንዲሱ ኦክስጅን ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። ደረታቸው አይንቀሳቀስም። እናቷን ምን እንደምትላት አሰበች። በስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ በያጁ ሳሉ።

ዘይቱ እንዳይበላሽ የሚነፋበት ጋዝ ከታንከሩ ተጠርጎ አልወጣም ነበር፤ ሽታ የሌለው፣ ሰውን ሳያስነጥስ የሚጥል ጋዝ። በማግስቱ መሐንዲሱ ፊት ቆማ፣ ሰው ታንከር ይግባ አይግባ ሲባል ከዬስና ከኖ ሌላ ቃል እንዳይናገር ነገረችው። ሦስት ጊዜ «ድገምልኝ» አለችው፤ ሦስት ጊዜ ደገመላት።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄደች።

«ጋሼ፣ ያስገባሁዎት እኔ ነኝ። የሰውየውን ቃል በደንብ አልሰማሁትም ነበር። መጠየቅ አፍሬ ነው።»

በያጁ ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከሩ።

«በአንድ ቃል?»

«በአንዲት ፊደል።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፤ አልተቆጧትምም። «ውሃ አቀብይኝ» አሉ። በፋሻ በተጠቀለሉት እጆቿ ብርጭቆውን ይዛ፣ ጠጥተው እስኪጨርሱ ድረስ አፋቸው ላይ ደገፈችላቸው።