አላየሁሽም

«ነፍስ ይማር!» ብሎ ጮኸ በሩ ላይ የቆመው ጡረተኛ መካኒክ። የመስኮቱ መስታወት ሊረግፍ ምንም አልቀረው።

«አሜን!» አለች የሟች ታናሽ እህት፣ እሷም እየጮኸች።

እንግዳ ሰው ቢሰማን የተጣላን ይመስለዋል። ምን እናድርግ? ፋብሪካው ወንዙ ዳር ከተተከለ ወዲህ ሦስት ትውልድ ጆሮውን ለሽመና ማሽን ገብሯል። ስለዚህ በእኛ ከተማ ምስጢር የሚወራው በሹክሹክታ ሳይሆን በከንፈር ነው። ያ ሁሉ ማሽን ባንዴ ሲንኳኳ ሸማኔዎቹ ድምፅ ሳያወጡ፣ ከንፈር እያነበቡ፣ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ አለቃውን ያሙት ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ፣ ወንዙም እንደ ጨርቁ ማቅለሚያ አንድ ቀን ቀይ አንድ ቀን ሰማያዊ መሆኑን ከተወ ቆይቷል። ልማዱ ግን አለቀቃቸውም።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከታናሽየዋ ፊት ለፊት ሁለት የድሮ የሥራ ጓደኞቿ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ በምላሷ ስለት «መቀስ» የተባለችው ናት፤ ሌላዋ ጎረቤቷ። ታናሽየዋ አንገቷን ደፍታ ስለነበር የምታያቸው አልመሰላቸውም። ቀና አለች።

«ያን ቀን በሩ ላይ አይታታለች እኮ» ይላል የመቀስ ከንፈር። «ሟች ራሷ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አለች?»

«ማወቄን ካወቀች ዓይኔን ማየት ትተዋለች ብላ ነዋ። ‹እህቴን ከማጣ ሳንባዬ ይቅርብኝ› አለችኝ።»

ታናሽየዋ ክው አለች።

ያን ቀን ረስታው አታውቅም። ታላቋ የጥጥ እስር ወደሚፈታበት ክፍል የመግባት ተራ ደርሷት ነበር። እዚያ ብናኙ ሰው ከሰው አያስተያይም። ሴቶቹም አንድ አንድ ወር እየተፈራረቁ እንጂ ከዚያ በላይ የሚችለው አልነበረም። ወሩ ሊያልቅላት አሥር ቀን ሲቀራት መጥታ የሽመናው አዳራሽ በር ላይ ቆመች። ቅንድቧ ሳይቀር በጥጥ ነጥቷል። ከንፈሯን ቀስ እያደረገች «ደም ተፋሁ። የቀረውን አንቺ ግቢልኝ» አለቻት።

አንዲት ቃል አላመለጠቻትም። ፈራች፤ ሌላ ምክንያት የላትም። ያልተበጠሰ ክር የምትቀጥል መስላ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ከሥራ ሲወጡ «መጥተሽ ነበር እንዴ? አላየሁሽም» አለቻት።

«እንኳንም አላየሽ፣ ትደነግጪ ነበር» ብላ ታላቋ ክንዷን ያዘቻት፤ እያሳለች። አሥሩንም ቀን ራሷ ገብታ ጨረሰችው፤ ያ ሳል ሃያ ሁለት ዓመት አብሯት ኖረ።

የሟች ልጅ የሻይ ብርጭቆ ልትሰበስብ መጣች። ፋብሪካው ሲዘጋ ሕፃን ስለነበረች የከንፈር ወሬ አታውቅም። ትሪውን አስቀምጣ አክስቷ አጠገብ ቁጭ አለች።

«አክስቴ፣ ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ? በቃ እንጂ፣ ራስሽን ጎዳሽ። እማዬ ስላንቺ ምን ትል እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹አክስትሽ ያን ቀን ብታየኝ ኖሮ ሮጣ ትገባልኝ ነበር።› ሁሌ ነው የምትለው።»

ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር። መቀስም ብትሆን ጮክ ብላ አታወራውም። ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ከዚህች ልጅ በቀር የቀራት ሰው የለም። ግን እንዲህ ተመስግና መቀመጡን አልቻለችውም።

«አይቻታለሁ» አለች።

«ማንን?»

«እናትሽን! በሩ ላይ! ያለችኝን ሁሉ አይቻለሁ!» እንደ ከተማው ሰው ሁሉ ስትናገር ትጮኻለች፤ መካኒኩ እንኳ ዞር አለ። «እያየኋት ፊቴን አዞርኩባት!»

ልጅቷ አክስቷን ብዙ ቆይታ አየቻት። አላለቀሰችም። ከዚያ ተነስታ ብርጭቆዎቹን መልቀም ጀመረች፤ የመቀስን፣ የጎረቤቷን፣ የመካኒኩን። አክስቷ ጋ ስትደርስ አክስትየዋ ባዶ ብርጭቆዋን ዘረጋችላት።

ልጅቷ አለፈቻት፤ ትሪውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

አክስትየዋ ብርጭቆውን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ በሁለት እጇም ያዘችው።