እጅሽ ይቆይ

ከጉደር የመጣችው አልቃሽ ደረቷን እየደቃች ወደ ጥጉ ስትጠጋ፣ ገብስማዋ ዶሮ ከአልጋው ሥር አንገቷን አውጥታ ቁርጭምጭሚቷን በምንቃሯ ወጋቻት። ሴትዮዋ «ወይኔ እናቴ» ብላ የጀመረችውን ሙሾ «ወይኔ እግሬ» ብላ ጨረሰችው።

 ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከለቅሶ ይሁን ከሳቅ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ጉዴ ብቻ አልሳቀችም። ከተቀመጠችበት ፍራሽ ጎንበስ ብላ ወደ አልጋው ሥር አየች። ዶሮዋ ላባዋን ነፍታ እንቅቡ ላይ እንደተደፋች ናት። እንቁላሎቹ አልተነኩም። 

የሞቱት የባሏ እናት ወይዘሮ አመለሸጋ ነበሩ፤ የተቀበሩት ትናንት ነው። ከሁሉቃ ወንዝ ወዲህ ያለው ሰፈር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ዶሮው አልታቀፍ ሲለው እንቁላሉን ይዞ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነበር። እጃቸው ያረባል ይባላል። እሳቸው ያስታቀፏት ዶሮ ሰማይ ቢያጓራ እንኳ ባዶዋን አትነሳም። ጎረቤቶች ግን ስማቸውና አመላቸው አልተገናኘም እያሉ ይቀልዱ ነበር። ወይዘሮ አመለሸጋ አንድ ቃል ለመናገር ደጋግመው የሚያስቡ፣ ያቺንም ቃል እንደ ጠጠር የሚወረውሩ ሴት ነበሩ። መደቡ ላይ ከራስጌ በኩል የሚቀመጡባት ቦታ ጋቢያቸው እንደተጣጠፈባት ናት። ከቀብር መልስ ጀምሮ ማንም አልተቀመጠባትም።

ጉዴ ያቺን ጠጠር ደህና አድርጋ ታውቃታለች። ያደገችው ጭልሞ ጫካ ዳር ነው፤ እናቷ በሕፃንነቷ ሞታባት፣ እንጨት ሰንጣቂ ከነበረው አባቷ ጋር። ሌታን አግብታ አምቦ የገባች ሰሞን አማቷ እንቁላል ሲመርጡ አየችና ልታግዛቸው እጇን ዘረጋች። አሮጊቷ አንጓዋን ያዟት።

«አንቺ አትንኪ» አሉ። «እጅሽ ይቆይ።»

ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። በየዓመቱ፣ ዶሮ ልትታቀፍ በተዘጋጀች ቁጥር፣ ያው ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ጉዴ አልወለደችም። ያን ጊዜ ምክንያቱ የገባት መሰላት። የማይወልድ እጅ ምን ያስፈለፍላል። ለባሏም አልነገረችውም። ሌታ ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ የጭነት መኪና ይዞ የነቀምትን መንገድ ሲመላለስ የሚከርም ሰው ነው፤ ቤት ሲገባ ይዞ የሚመጣው ድካሙን ነው። አሁንም ከወንዶቹ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል።

«ይቺን ዶሮ አውጧት እንጂ፤ የሰው መሳቂያ ልታደርገን ነው?» አለች ሸዋገነት።

ሸዋገነት የሟች ታላቅ ልጅ ናት። ለቀብሩ ከእንጭኒ መጥታ ገና ከመድረሷ ቤቱን በእጇ አድርጋዋለች። አሁንም የሚታዘዛት ሰው አልጠበቀችም። እንቅቡን ራሷ ስባ ከነዶሮዋ ወደ ማድ ቤት ወሰደችው። በጉዴ አጠገብ ስታልፍ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሣልስቱ ይለፍና የምንነጋገረው ነገር አለን አለቻት።

 ጉዴ ነገሩ ምን እንደሆነ አላጣችውም። ከትናንት ጀምሮ ሴቶቹ የሚያንሾካሹኩትን ሰምታለች፤ ሌታ ለእናቱ አንድ ወንድ ነው፣ ያለ ልጅ ሊቀር ነው፣ ሌላ ማግባት አለበት። እነዚያን እንቁላሎች ማን እንዳስታቀፈ ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከመሞታቸው ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ወይዘሮ አመለሸጋ ከአልጋ መነሳት ተስኗቸው ነበር። እግራቸው አብጧል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ገብስማዋ ከእንቅቡ አልነሳ ብላ ባዶ ገለባ ታቅፋ ትውላለች። አሮጊቷ ጉዴን ጠርተው እጇን እንድትታጠብ፣ ሽንኩርት እንዳይሸት፣ ከዚያም እሳት እንድታሞቀው አዘዟት። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያነሱ አዩ። ሾል ያለውን ወንድ ነው ብለው ወደ ጎን አደረጉ፤ ድቡልቡሉን ሴት ነው ብለው ለእሷ ሰጧት። ጉዴ እጇን ስትሰድ ዶሮዋ አልተቆጣችም፤ ክንፏን ከፈት አደረገችላት።

«ለምን እኔ፣ እማማ?»

«የኔ እጅ ቀዝቅዟል» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ለሌታም ለሸዋገነትም እንዳትነግሪ። ሲፈለፈል ያዩታል።»

ጉዴ ይህን አገላብጣ አገላብጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የታያት። ፈተና ነው። እንቁላሉ ከበሰበሰ ጥፋቱ የእጇ ነው፤ ያን ጊዜ ሌታም፣ ሌላ ሚስት ሊያጋቡት የሚፈልጉትም ሁሉ በቂ ምክንያት ያገኛሉ። አሮጊቷ ግን ውጤቱን ሳያዩ ሞቱ። ፈተናው አብሯቸው አልተቀበረም።

በዚያው በለቅሶው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ዶሮዋ ከማድ ቤት ተመልሳ መጣች። በለቀስተኛው እግር መሀል ተሹለክልካ አልጋው ሥር ገባችና እንቅቡ የነበረበት ባዶ መሬት ላይ ተደፋች። ዶሮ የምታውቀው ቦታውን ነው፤ እንቁላሉ ሌላ ቤት ቢሄድ ተከትላው አትሄድም።

«አፈር ታቀፈች፣ ምስኪን» አለች አንዷ።

ሌላዋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «በዚህ ቤት ያልተለመደ መሰለሽ?» አለቻት።

ጉዴ ሰማች። ሐዘንተኛ ከፍራሹ ተነስቶ ሥራ አይሠራም፤ እሷ ግን ተነሳች። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች በሁሉም ፊት አቋርጣ ማድ ቤት ገባች። አንዱን እንቁላል ጉንጯ ላይ አስጠግታ ሞከረችው። ሊበርድ ነው፤ ውስጡ ግን ገና ሙቀት አለው። እንቅቡን አቅፋ ስትወጣ ሸዋገነት በሩ ላይ ቆማ ወዴት እንደምትወስደው ጠየቀቻት።

«ወደ ቦታው» አለች ጉዴ። የባሏን እህት እንዲህ ስትመልስላት የመጀመሪያዋ ነበር።

ጎረቤታቸው ናፊሳ፣ የባለሱቁ የዓብዱልሰላም ሚስት፣ ምንም አልጠየቀችም። አዲሷን ምራቷን መርየምን ጠርታ አልጋውን በአንድ ወገን ብድግ አደረጉት፤ እንቅቡ ጥጉ ውስጥ ገባ። ዶሮዋ እንቁላሎቹን በምንቃሯ ወደ ደረቷ ሰበሰበች። ናፊሳ ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ ተቀመጠች።

«ጉዴ ኮ፣ የኔ ጉዴ፣ እኔ ከዚህ አልነሳም» አለች። «የሚያለቅስ ካለ ከወዲያ ማዶ ያልቅስ።»

የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ነጋሳም ነገሩን ሰምተው ኖሯል፤ ከድንኳኑ ለሚገባው ሰው ሁሉ፣ ቀስ ብላችሁ አልቅሱ፣ ውስጥ የታቀፈች አለች ይሉ ጀመር። አንዳንዱ እንግዳ አራስ ያለች መስሎት እያማተበ ገባ።

ሣልስቱ አልፎ ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት፣ ሸዋገነት ቤቱን ስትጠርግ አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ በዚያው ቀረች። ጉዴ ከፍራሹ ላይ አየቻት። መጥረጊያው አይንቀሳቀስም። ሸትቷታል ብላ አሰበች፤ በስብሷል። ተነስታ አጠገቧ ተንበረከከች።

ከዶሮዋ ደረት ሥር ጪው ጪው ይላል። አንድ እርጥብ ጭንቅላት ላባውን ገልጦ ወጣ፤ ብርሃኑን አየና ተመልሶ ገባ።

«ማን ነው ያስታቀፋት?» አለች ሸዋገነት። «እማዬ ናት እንዳትይኝ። እጇ ማንኪያ እንኳ አይዝላትም ነበር።»

ጉዴ መዋሸት ትችል ነበር። ናፊሳ ናት ብትል ናፊሳ አታጋልጣትም።

«እኔ ነኝ» አለች። «እማማ አዘውኝ።»

ሸዋገነት መጥረጊያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አስነካችሽ?» አለች፤ ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። ይህ ለቅሶ ድምፅ አልነበረውም። ቆይታ፣ «አትንኪ የምትልሽ ለምን ይመስልሽ ነበር?» አለቻት።

ጉዴ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። 

«በኛ ቤት ያረገዘች ሴት እንቁላል አታስታቅፍም። በሆዷ ያለው ይደነግጣል ይባላል። እኔን ሆዴ ከገፋ ወዲያ ነበር የምትከለክለኝ። አንቺን ግን ሁልጊዜ። ‹ይዛ ቢሆንስ› ትለኛለች። ‹ገና ሳታውቀው ይሆናል› ትለኛለች። በየዓመቱ፣ ጉዴ። ወንድሜ ሌላ ያግባ ባልኳት ቁጥር ፊቴ ላይ ጥፊ ነበር መልሷ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ያልመጣ ልጅ ይወራል እንዴ?»

ጉዴ የቀኝ እጇን አንጓ በግራ እጇ ያዘች። ያ አያያዝ ትዝ አላት። የጠበቀ ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት ጠጠር ብላ በደረቷ የያዘችው ነገር ሲቀል ተሰማት፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ወጋት።

«ታዲያ አሁን ያስነኩኝ ተስፋ ቆርጠው ነው?»

ሸዋገነት በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «ልጁን ለእግዜር ተወችው። ቤቱን ግን ለማን ትተወው? ለሌታ? ሌታ እንቁላል ከድንች አይለይም።»

ሳቁ ጉዴን አመለጣት። ከቀብሩ ወዲህ ሆዷ ድረስ የገባ ትንፋሽ የሳበችው ያን ጊዜ ነው። ሳቋ ሲያልቅ፣ ሣልስቱ ይለፍ ብላት የነበረውን ነገር ጠየቀቻት።

«ልልሽ ያሰብኩት ሌላ ነበር» አለች ሸዋገነት ዓይኗን ከጫጩቱ ሳታነሳ። «ትቼዋለሁ። አሁን የምጠይቅሽ፣ ከነዚህ ሁለት ቄብ ለእንጭኒ ትሰጪኛለሽ ወይ ነው።»

«ሴት መሆናቸውን በምን አወቅሽ?»

«እማዬ ከድቡልቡሉ ሌላ መቼ መርጣ ታውቃለች?»

ወደ ማታ ገደማ ናፊሳ መርየምን አስከትላ መጣች። አብዛኞቹ ጫጩቶች ደርቀው በእናታቸው ክንፍ ሥር ይርመሰመሳሉ። አንዱ ግን ቅርፊቱን ሰንጥቆ ደክሞት ቆሟል። መርየም አሳዘናትና ልትረዳው እጇን ሰደደች። ጉዴ አንጓዋን ያዘቻት።

«አንቺ አትንኪ» አለች። «እጅሽ ይቆይ።»

ድምፁ ከየት እንደመጣ እሷም አላወቀችም። ደጃፉ ላይ የነበረችው ሸዋገነት ዞር አለች። መርየም ፊቷ ጭፍግግ አለ፤ እጇን ሰብስባ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ጉዴ ያን ፊት ታውቀዋለች። ለዓመታት የራሷ ነበር።

ከፍራሹ ተነሳች። መደቡ ላይ፣ ከራስጌ በኩል ያለውን የተጣጠፈ ጋቢ አነሳችና እዚያው ቦታ ላይ ተቀመጠች። ከአጠገቧ ያለውን በእጇ መታ መታ አደረገች።

«ነይ ተቀመጪ» አለች። «ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።»

መርየም አማቷን አየት አድርጋ መጣችና ጫፉ ላይ ቁጭ አለች። ጉዴ ጋቢውን ፈትታ በሁለታቸው ጉልበት ላይ ዘረጋችው።