ያልደረቀው ፔጆ

ጀቤሳ ሸራውን ከፔጆው ላይ ሲገፍፈው አቧራው አስነጠሰው። ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ ኮፈኑን ሲያይ ግን ሳቁ አመለጠው።

«ወላሂ፣ ይሄ መኪና ፈንጣጣ ወጥቶበታል!»

ባህሪያ አልሳቀችም። ደጃፏ ላይ ቆማ ጥቁር ሰማያዊውን ቀለም የወረሩትን ነጫጭ የውሃ ቀለበቶች ታያለች። አንዳንዱ ተነካክቷል፤ አንዳንዱ ለብቻው ቆሟል። የት የት እንዳሉ ሸራው ሳይነሳም ታውቃለች።

እሑድ ልጇ ፈድሊያ ለአጋሮ ሰዎች ትዳራለች። ልጅቱ «ከአባቴ መኪና በቀር በሌላ ተጭኜ ከዚህ ቤት አልወጣም» ብላ ድርቅ ብላለች። የባህሪያ ሟች ባል ታናሽ ወንድም ጀቤሳ በጠዋት ባልዲ አንጠልጥሎ ከተፍ ያለው ለዚሁ ነው።

«በእርጥብ ጨርቅ አመድ ይዤ ፈተግ ፈተግ ካደረግሁት እንደ ድስት ነው የሚያበራው» አለና እጁን ሰደደ።

ጨርቁ ኮፈኑን ሳይነካ ደርሳ አንጓውን ያዘችው።

«እንዳትነካው!»

«ኤጋ፣ ምን ሆነሻል? አንቺ የባልሽን ሐዘን፣ ዒዳሽን ፈጽመሽ ከቤት መውጣት ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ! የመኪናው ዒዳ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ለቀልድ ነው ያለው። እሷ ግን እጁን ለቅቃ ፊቷን አዞረች።

ባሏ ሙሐመድሳኒ ፔጆውን የሚያጥበው ከጣሪያው ሥር በርሜል ደቅኖ ባጠራቀመው የዝናብ ውሃ ነበር። የግቢያቸው ጉድጓድ ውሃ ቀለም ላይ ከደረቀ ነጭ ነገር ትቶ ይሄዳል፤ ከቆየ ደግሞ ቀለሙን ይበላዋል። ከቤት በወጣበት በመጨረሻው ቀን በጋው በርሜሉን አድርቆበት ከጉድጓዱ ቀድቶ አጠበ። ማድረቂያ ጨርቁን ሳያነሳ ከገበሬዎች ማኅበር ሰው መጣ፤ ቡና የጫነውን መኪና ሾፌር ወባ ጥሎታል፣ ጭነቱን አዲስ አበባ የሚያደርስ ይፈለጋል። ሙሐመድሳኒ ሸሚዙን እየቆለፈ ወጣ። ባህሪያ ጨርቁን ልታነሳለት ስትል፣

«ተዪው፣ መጥቼ አደርቀዋለሁ» አላት። ቀለሙን ይጭሩብኛል ብሎ ሌላ ሰው አያስነካም ነበር።

የግቤ ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪናው ፍሬን እምቢ አለ። ወሬው ጅማ ሲደርስ ኮፈኑ ላይ የነበሩት ጠብታዎች ደርቀው ነበር።

ባህሪያ ሸራ አለበሰችው። መጥቼ አደርቀዋለሁ ብሏል፤ እነዚያ ጠብታዎች እዚያ እስካሉ ድረስ የሚመጣ ይመስላታል። ይህንን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ቢሰሙ ምን እንደሚሏት አታጣውም።

ፈድሊያ የእጇ ሂና ሳይደርቅ ጣቶቿን ዘርግታ ወጣች።

«አጎቴ፣ አታስቸግራት። እማ፣ እንዲሁ እሄድበታለሁ።»

«እንዲህ እንዳለ?» አለች ባህሪያ።

«እንዲህ እንዳለ። የአጋሮ ሴቶች ይሳቁ፣ ምን አገባኝ!» ድምፅዋ ግን መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

ባህሪያ ልጇን አየቻት። ለካ ይህቺ ልጅ የእናቷን መጠበቅ ተሸክማ አማቶቿ ደጅ ልትወርድ ነው።

«ጀቤሳ፣ አመድህን ድፋው» አለች። «መኪናውን ወደ ሾላው ጥላ ግፋልኝ።»

ከጓዳ አቼቶ አመጣች። ክረምቱ ከሞላው በርሜል ጨልፋ በሳህን በጠበጠችው።

«ሰላጣ ልትሠሪ ነው እንዴ?» አለ ጀቤሳ።

«ዝም ብለህ ቁም። ያንተ ቀልድ ለሰላጣም አይሆን!»

የሙሐመድሳኒን አሮጌ ካናቴራ ነክራ ቀለበቶቹ ላይ አለበሰችና ነጩ እስኪላላ ጠበቀች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ቢስሚላህ» ብላ ጠረገች።

አንዱ ቀለበት ሲጠፋ ዓይኗ ሌላውን ይፈልጋል፤ ያንንም ታጠፋዋለች። በንጹሕ ውሃ ታለቀልቃለች፣ ወዲያው ታደርቃለች። ስትጨርስ ኮፈኑ ላይ የሾላው ቅርንጫፍ ታየበት። ጥቂቶቹ ቀለሙን በልተውት ስለነበር ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ላያቸው ብቻ ጥላ ይመስላሉ። ጀቤሳ ሰም ልቀባው ቢላት «ይበቃል» አለችው።

እሑድ ፈድሊያ በአባቷ መኪና ሄደች።

በማግስቱ ጀቤሳ ፔጆውን የአጋሮ ጭቃ አስነክቶ መለሰው። የበርሜሉ ውሃ ለሰርጉ ድስት አልቆ ነበርና ከጉድጓዱ ቀድቶ አጠበው። እታገኝ የምትባለው ጎረቤት የሰርግ ትራፊ አቅርባ ከውስጥ ተጣራች፤

«ጀቤሳ! ሳይቀዘቅዝ ና ብላ!»

«መጣሁ!» ብሎ ወደ ቤት አቀና። ባህሪያ ካናቴራውን ከገመዱ ላይ ስትስብ አያት።

«ተዪው፣ መጥቼ አደርቀዋለሁ።»

ባህሪያ ካናቴራውን ሳብ አድርጋ አወረደችው።

«አንተ ግባና ብላ» አለችው፤ ከኮፈኑም ጀምራ ማድረቅ ያዘች።